የካርቶን ነገር፦ ከባርኔጣ ገበር እስከ መጋዘን ቁልል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ሆነው ስላገኘናቸው አብረን ልናስተናግዳቸው ወስነናል። ጉዳዩ ካርቶን ነው። ከጅቡቲ ወደብ ተጭኖ ድሬዳዋ የሚራገፈውም ሆነ ከድሬዳዋ ፋብሪካዎች ወጥቶ ወደ መሀል አገር የሚጓዘው ዕቃ ብዙው በካርቶን የታሸገ ነው፤ ስለ ካርቶኑ ራሱ ግን በአማርኛ የተጻፈው እጅግ ጥቂት በመሆኑ መልሶቻችንን ዘርዘር አድርገን አቅርበናል። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ መጋላ የብስኩትና የሳሙና ጅምላ ነጋዴ ነኝ። ውፍረታቸው እኩል የሚመስል ሁለት ዓይነት ካርቶኖች መጋዘኔ ውስጥ ደርድሬ ነበር። አንደኛው ለወራት ሲቀመጥ ምንም አልሆነም፤ ሁለተኛው ግን ክረምቱ ሲገባ ከሥር ጀምሮ ተጨማዶ ቁልሉ በሙሉ አዘነበለ። ለመሆኑ ካርቶንን ማን ፈለሰፈው? ጥንካሬውስ በምን ይታወቃል?
ጅምላ ነጋዴ፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የጠየቁን ሁለት ነገር ነው፤ ይሁን እንጂ ካርቶን እንዴት እንደሚሠራ የተረዳ ሰው ለምን እንደሚጨማደድም መረዳቱ ስለማይቀር ከታሪኩ ብንጀምር ይሻላል።

ወረቀት የመሥራት ጥበብ በ105 ዓ.ም. በቻይና ካይ ሉን ከተባለ የቤተ መንግሥት ሹም ስም ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከዚያ በኋላ ለአሥራ ሰባት መቶ ዓመታት ያህል ወረቀት በወንፊት እየተጨለፈ አንድ በአንድ በእጅ ሲሠራ የቆየ ሲሆን፣ ወፍራም ነገር የፈለገ የመጽሐፍ ደጓሽ ወይም የመጫወቻ ካርታ ሠሪ ብዙ ሉሆችን በሙጫ ደራርቦ ከማጣበቅ በቀር ሌላ መንገድ አልነበረውም። በ1799 ፈረንሳዊው ሉዊ ኒኮላ ሮቤር ወረቀትን ሳያቋርጥ በረጅም ጥቅል ለሚያወጣ መሣሪያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ ብራያን ዶንኪን ደግሞ መሣሪያውን አሻሽሎ ለፋብሪካ ሥራ አበቃው። በ1809 ጆን ዲኪንሰን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ፣ በሽቦ ወንፊት የተሸፈነ ከበሮ በፐልፕ (በውኃ በተበጠበጠ የወረቀት ቃጫ) ገንዳ ውስጥ የሚሽከረከርበትን ማሽን አስመዘገበ። ወፍራም ካርቶንን በብዛት ማምረት የተቻለው በተለይ በዚህ ዘዴ ነው፤ ከበሮዎቹ በተርታ ቆመው እያንዳንዳቸው አንድ ስስ ንብርብር ይሰጣሉ፣ ንብርብሮቹም ገና እርጥብ ሳሉ ተጭነው አንድ ይሆናሉ።

እርስዎ መጋዘን ውስጥ የተደረደረው ግን በመካከሉ ሞገድ ያለበት ካርቶን ነው፤ የዚህኛው አጀማመር ከዕቃ ማሸግ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም። በ1856 ኤድዋርድ ሂሊና ኤድዋርድ አለን የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሞገድ የያዘ ወረቀት የረጃጅም ባርኔጣዎች ገበር እንዲሆን የፈጠራ መብት አወጡ። በ1871 የኒው ዮርኩ አልበርት ጆንስ ይህንኑ ዓይነት ወረቀት ለጠርሙስና ለፋኖስ ብርጭቆ መጠቅለያ አዋለው። ነገር ግን ሞገዱ ብቻውን ሲሆን ሲጫኑት ይዘረጋና ይጠፋል፤ ስለዚህ በ1874 ኦሊቨር ሎንግ ጠፍጣፋ ወረቀት አጣብቆበት ሞገዱ ባለበት እንዲጸና አደረገ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ካርቶን ከውስጥና ከውጭ ሁለት ጠፍጣፋ ወረቀቶች፣ በመካከላቸውም አንድ ሞገድ ያለው ሲሆን፣ አሠራሩ በመሠረቱ ከዚያ ወዲህ አልተለወጠም።

ካርቶን ታጥፎ፣ ጠፍጣፋ ሆኖ መጓዝ የቻለው ደግሞ በሌላ ሰው ምክንያት ነው። በ1879 በብሩክሊን የወረቀት ከረጢት ፋብሪካ የነበረው ትውልደ ስኮትላንዱ ሮበርት ጌር፣ የዘር ከረጢቶች በሚዘጋጁበት ጊዜ የማጠፊያ መስመር የሚያወጣው ብረት ከቦታው ተንሸራቶ ከረጢቶቹን ሲቆርጣቸው አየ። ጌር ከዚህ ጉዳት አንድ ነገር ተገነዘበ፤ ብረቶቹ ሆን ተብሎ ቁመታቸው ተለያይቶ ቢተከሉ፣ አንዱ ሲቆርጥ ሌላው ማጠፊያውን ያበጃል፣ ሥራውም በአንድ ምት ያልቃል። የመድኃኒት፣ የሻይ ቅጠልና የብስኩት ቀጫጭን ካርቶኖች ሁሉ የዚህ ዘዴ ውጤቶች ናቸው።

አሁን ወደ መጋዘንዎ እንመለስ። ሁለቱ ካርቶኖች እኩል ይወፍራሉ ማለት እኩል ይሸከማሉ ማለት አይደለም። አንደኛው ከእንጨት በቀጥታ ከተሠራና ረጅም ቃጫ ካለው ወረቀት፣ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ተቀቅሎ ከተመለሰ አሮጌ ወረቀት የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ዓይን አይለየውም። ከአሜሪካ የመጣ ካርቶን ካገኙ ግርጌውን ገልብጠው ይመልከቱ፤ ብዙውን ጊዜ የአምራቹ ስምና አንድ ቁጥር ያለበት ክብ ማኅተም ያገኛሉ። ቁጥሩ 200 ከሆነና የመፈንዳት ፍተሻ መሆኑን የሚገልጽ ከሆነ፣ ካርቶኑ በአንድ ቦታ ተይዞ በጎማ ሲገፋ በስኩዌር ኢንች 200 ፓውንድ ግፊት ሳይደርስ አይቀደድም ማለት ነው። ቁጥሩ 32 ሆኖ የጠርዝ ፍተሻ መሆኑን የሚገልጽ ከሆነ ደግሞ፣ ቁራጩ በጠርዙ ቆሞ ከላይ ሲጫኑት በእያንዳንዱ ኢንች 32 ፓውንድ ይሸከማል ማለት ነው። ለእርስዎ ሥራ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው ካርቶኑ ሲወድቅ ወይም ሲወጋ የሚገጥመውን ነገር የሚነካ ሲሆን፣ ቁልል የሚሸከመው ግን ቆሞ የሚቀረው ጠርዝ ነው።

ከጠርዙ ቁጥር ተነሥቶ የሙሉ ካርቶኑን አቅም መገመት ይቻላል። 40 ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ወርድና 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን እንውሰድ። ዙሪያው 1,400 ሚሊ ሜትር ነው። ዙሪያውን በውፍረቱ አባዝተን ዳግም ዘሩን ስንወስድ 75 ገደማ ይሆናል። ይህንን በጠርዙ ጥንካሬ፣ ማለትም በሚሊ ሜትር 5.6 ኒውተን (ከላይ የጠቀስነው 32 በሜትሪክ ሲለወጥ ነው)፣ ከዚያም በ5.87 ስናባዛ 2,460 ኒውተን ገደማ እናገኛለን፤ ወደ 250 ኪሎ ግራም ሸክም ማለት ነው። 5.87 ከየት እንደ መጣ በሚቀጥለው መልስ እንገልጻለን።

እንግዲህ እያንዳንዱ ካርቶን 15 ኪሎ ግራም ቢመዝን የታችኛው ላይ አሥራ ስድስት ካርቶን መጫን የሚቻል ይመስላል። እንዲህ ያደረገ ነጋዴ ግን ዕቃውን ያጣል። ስሌቱ የሚሠራው በቤተ ሙከራ፣ በ23 ዲግሪ ሴልሺየስ ሙቀትና በ50 በመቶ የአየር እርጥበት፣ ለጥቂት ሰከንዶች ለሚቆይ ጭነት ነው። የአየሩ እርጥበት ወደ 90 በመቶ ሲጠጋ ካርቶን ከአቅሙ ግማሽ ያህሉን ያጣል፤ ለወራት ሳይነሣ የሚቆይ ጭነት ደግሞ ራሱን የቻለ ድካም ያመጣበታል። ስለዚህ ባለሙያዎች የቤተ ሙከራውን ቁጥር ከሦስት እስከ አምስት ለሚደርስ አካፋይ ያካፍሉታል። 250ን ለአራት ብናካፍለው 62 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚሆን፣ ከታችኛው በላይ አራት ካርቶን ብቻ ይጫናል ማለት ነው። ድሬዳዋ በአብዛኛው ወራት ደረቅ በመሆኗ ነጋዴዎቻችን ከፍ አድርገው መደርደርን ለምደዋል፤ ልማዱ በደረቁ ወራት ችግር ባያመጣም በሐምሌና በነሐሴ፣ በተለይ ካርቶኑ በቀጥታ ሲሚንቶ ወለል ላይ ከተቀመጠ፣ ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ሌላ ነገርም እንጨምር። ጫኝና አውራጆቻችን ቁልሉ እንዳይናድ በማሰብ ካርቶኖቹን እንደ ግንብ ጡብ እያቆላለፉ መደርደር ይወዳሉ። ቁልሉ ሳይነቃነቅ እንዲቆም ይረዳል፤ ነገር ግን ካርቶን ከሚሸከመው ክብደት አብዛኛውን የሚሸከሙት አራቱ ማዕዘኖች ናቸው፤ የላይኛው ማዕዘን በታችኛው ካርቶን መካከል ላይ ሲያርፍ የመሸከም አቅሙ እስከ ግማሽ ድረስ ሊቀንስ ይችላል። ማዕዘን በማዕዘን ላይ አሳርፈው ቢደረድሩና ከላይ ያለውን ረድፍ ብቻ ቢያቆላልፉ፣ ከሥርም የእንጨት ፓሌት ቢያስገቡ፣ ያንኑ ካርቶን ይዘው የተሻለ ውጤት ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ የሐረር ልጅ ስሆን በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪ ነኝ። ስለ ዩኒቨርሲቲና ኢንዱስትሪ ትስስር በየጉባኤው ይነገራል፤ ተጨባጭ ምሳሌ ግን ብዙም አይቀርብም። በካርቶን ኢንዱስትሪ ፋብሪካዎችና የምርምር ተቋማት እንዴት ተባብረው ሠሩ? ምንስ ውጤት ተገኘ?
ተማሪ፣ ከሐረር

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም አስደስቶናል፤ ካርቶን ለዚህ ጉዳይ ከምናውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ግልጽ ከሆኑት አንዱ ነውና።

ትብብሩን ያስጀመረው ሙግት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በአሜሪካ ዕቃ በባቡር የሚጓዘው በእንጨት ሣጥን ነበር። የካርቶን ሣጥን ሲመጣ የባቡር ኩባንያዎቹ በካርቶን ለታሸገ ዕቃ ከፍ ያለ የማጓጓዣ ዋጋ ይጠይቁ ጀመር። የሎስ አንጀለሱ ካርቶን አምራች ፕሪድሃም ጉዳዩን ለአገሪቱ የክልሎች መካከል የንግድ ኮሚሽን አቀረበ፤ ኮሚሽኑም በ1914 የዋጋ ልዩነቱ አግባብ አይደለም ብሎ ወሰነ። ውሳኔው ለካርቶን በሩን ከፈተ፤ የባቡር ኩባንያዎቹ ግን ዕቃው ቢሰበር ካሣ የሚከፍሉት እነሱ ስለሆኑ ማረጋገጫ መፈለጋቸው ተገቢ ነበር። ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱ ካርቶን ምን ያህል ጥንካሬ እንዳለው የሚገልጽ የአምራቹ ማኅተም እንዲኖረው ደንብ ወጣ፤ በዚህም ደንብ መሠረት 200 የመፈንዳት ቁጥር ያለው ካርቶን ከነዕቃው ከ65 ፓውንድ፣ ማለትም ከ29.5 ኪሎ ግራም ገደማ በላይ እንዳይሞላ ተወሰነ። መለኪያውን ጆን መለን ገና በ1887 ሠርቶት ስለነበር መሣሪያ አልጠፋም። የጎደለው ቁጥሩ በእውነተኛው ጉዞ ላይ ምን ትርጉም እንዳለው የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ይህንን ደግሞ አንድ ፋብሪካ ብቻውን ሊመልሰው አይችልም።

የአሜሪካ የደን መሥሪያ ቤት ከዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በማዲሰን ከተማ የደን ውጤቶች ቤተ ሙከራን ያቋቋመው በ1910 ነው። ተመራማሪዎቹ ሣጥኖችን እያንከባለለ የሚያጋጭ ባለ ስድስት ጎን ግዙፍ ከበሮ ሠርተው፣ ዕቃ የሞላበትን ሣጥን እየጨመሩ መጀመሪያ የሚላቀቀው የትኛው ቦታ እንደሆነ ይመዘግቡ ነበር። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ይህ ዕውቀት ለሠራዊቱ የጭነት ሣጥኖች ንድፍ ዋለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ጭነት በፓስፊክ ደሴቶች ዳርቻ ዝናብ ላይ ተጥሎ ስለሚቆይ፣ እርጥበት የሚቋቋሙ ሙጫዎችና ሬንጅ የገቡባቸው ልዩ የጦር ካርቶኖች ተዘጋጁ።

እኛ ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ነው የምንለው የዚሁ ቤተ ሙከራ ሌላ ሥራ ነው። በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ቼስትነት የተባለውን የደን ዛፍ አንድ የፈንገስ በሽታ እየጨረሰው ነበር። የቆዳ ማልፊያ አምራቾች ከዚህ ዛፍ እንጨት ታኒን ጨምቀው ካወጡ በኋላ የቀረው ፍልጥ ከማገዶነት ያለፈ ጥቅም አልነበረውም። የማዲሰን ኬሚስቶች እንጨቱን በሶዲየም ሰልፋይት በከፊል ብቻ ቀቅሎ፣ የቀረውን ሥራ በመፍጫ ማሽን የሚጨርስ ዘዴ በ1920ዎቹ አወጡ። ከፍልጡ የሚገኘው ፐልፕ ለጽሕፈት ወረቀት የማይመች ደረቅና ግትር ነበር፤ ለካርቶን መካከለኛው ሞገድ ግን የሚፈለገው ይኸው ግትርነት ነው። በ1925 በቴኔሲ ግዛት በኖክስቪል ከተማ አንድ የታኒን ፋብሪካ ዘዴውን ተቀብሎ ማምረት ጀመረ። ቀደም ሲል ለሞገዱ የሚያገለግለው በአብዛኛው የስንዴ ገለባ ነበር፤ ይህ ዘዴ ከተስፋፋ በኋላ ግን ለወረቀት አይሆኑም ይባሉ የነበሩ የቅጠለ ሰፊ ዛፎች እንጨቶች የሞገዱ ዋና ጥሬ ዕቃ ሆኑ። ፋብሪካው ያመጣው ችግር የቆሻሻ ክምር ነበር፤ ቤተ ሙከራው ያመጣው መልስ ግን አንድ ሙሉ ኢንዱስትሪ ተጠቀመበት።

ሁለተኛው ታላቅ ምሳሌ እዚያው ዊስኮንሲን የተፈጸመ ነው። በ1929 የወረቀት ፋብሪካዎችና ሎውረንስ ኮሌጅ ተስማምተው በአፕልተን ከተማ የወረቀት ኬሚስትሪ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። ገንዘቡን አባል ፋብሪካዎቹ ያዋጣሉ፤ ኢንስቲትዩቱ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ያስተምራል፣ ይመራመራል፤ ተመራቂዎቹም ወደ ፋብሪካዎቹ ይገባሉ። ማኪ፣ ጋንደርና ዋቹታ የተባሉ የዚህ ተቋም ተመራማሪዎች እጅግ ብዙ ሣጥኖችን በመጫኛ ማሽን ሥር አድቅቀው ውጤቱን ካጠኑ በኋላ፣ ለድሬዳዋው ነጋዴ የተጠቀምንበትን ስሌት በ1963 አሳተሙ። 5.87 የተገኘው ከዚህ ሥራ ነው፤ ከንድፈ ሐሳብ ብቻ የወጣ ሳይሆን ከተደቀቁት ሣጥኖች የተነበበ ቁጥር ነው። ስሌቱ አዲስ ሣጥን የሚነድፍ መሐንዲስ ገና ሳይሠራው አቅሙን እንዲያውቅ አስቻለው። የባቡርና የጭነት መኪና ደንቦች ግን ከመፈንዳት ቁጥር በተጨማሪ የጠርዝ ጥንካሬን እንደ አማራጭ የተቀበሉት በ1991 ነው። ከጽሑፉ እስከ ደንቡ 28 ዓመት አለፈ ማለት ነው። ምርምር በአንድ የበጀት ዓመት ውስጥ ፍሬ ካላፈራ እንደ ከሸፈ የሚቆጥር አስተዳደር ይህንን ቢያስብበት ደግ ነው።

በአውሮፓም መንገዱ ይኸው ነበር። የፊንላንድ የወረቀት ኩባንያዎች በገበያ ተፎካካሪዎች ሆነው ሳለ በ1916 የጋራ ማዕከላዊ ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። በስዊድን በስቶክሆልም የሚገኘው የእንጨት ምርምር ተቋም ደግሞ፣ ስስ ወረቀት ከጎን ሲገፉት ስለሚታጠፍ እውነተኛ የመሸከም አቅሙን መለካት አስቸጋሪ ሆኖ ለኖረው ችግር መፍትሔ አገኘ፤ በሁለቱ መያዣዎች መካከል የሚቀረውን ክፍተት 0.7 ሚሊ ሜትር ብቻ በማድረግ ወረቀቱ የሚታጠፍበትን ቦታ አሳጣው። ይህ ፍተሻ ዛሬ በዓለም ዙሪያ ባሉ የካርቶን ፋብሪካዎች በየፈረቃው ይሠራበታል።

ሙጫው ላይ የተደረገው ለውጥም መጠቀስ አለበት። መጀመሪያ ካርቶን የሚጣበቀው በሶዲየም ሲሊኬት ነበር፤ ሲደርቅ እንደ መስተዋት ስለሚሆን የፋብሪካውን ቢላዎች ይበላል፣ ካርቶኑም ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በ1930ዎቹ ስታይን ሆል በተባለ የስታርች ኩባንያ ይሠራ የነበረው ጆርዳን ባወር፣ ጥቂቱን ስታርች ቀቅሎ ብዙውን ጥሬ አድርጎ በመቀላቀል ችግሩን ፈታው፤ የተቀቀለው ጥሬውን እንዳይዘቅጥ ይይዘዋል፣ ጥሬው ደግሞ ካርቶኑ በጋለው ብረት ላይ ሲያልፍ እዚያው መጋጠሚያው ላይ በስሎ ያጣብቃል። ኮስቲክ ሶዳ የሚጨመረው ስታርቹ ቶሎ እንዲበስል ነው፤ ቦራክስ ደግሞ የማጣበቅ ኃይሉን ይጨምርለታል።

ለእኛ አካባቢ ምን ይበጃል ለሚለው ሐሳባችንን እንስጥ። ሐረማያ በ1950ዎቹ ከኦክላሆማ የመጡ ምሁራን ሲያቋቁሙት፣ ትምህርትን፣ ምርምርንና ለገበሬው የሚሰጥ ምክርን ያጣመረ ኮሌጅ እንዲሆን ታስቦ ነበር፤ በማሽላ ምርምሩም ስም አትርፏል። ስለዚህ ትስስር ለሐረማያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ለገበሬው የተደረገውን ለፋብሪካው ማድረግ ነው የቀረው። በድሬዳዋ የምግብ፣ የመጠጥና የሌሎች ሸቀጦች ፋብሪካዎች፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ወደ ጅቡቲ የሚሄድ የባቡር መስመርም አለ፤ ሁለቱም ዩኒቨርሲቲዎቻችን፣ የሐረማያውም የድሬዳዋውም፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አላቸው። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሙቀቱና እርጥበቱ የተመጠነ አንድ ክፍልና ሦስት መሣሪያ ነው፦ የመፈንዳት መለኪያ፣ የጠርዝ መለኪያና ሙሉ ሣጥን የሚጭን ማሽን። ካርቶን የሚያመርተውም የሚገዛውም ወጪውን በጋራ ቢሸፍኑ፣ ውጤቱንም በአንድ መለኪያ ቢነጋገሩበት፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ የሚፈልጉ ተማሪዎች ለብዙ ዓመታት የሚበቃ ሥራ ያገኛሉ። ለምሳሌ ያህል፣ ከጅቡቲ እርጥብ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ድሬዳዋ ደረቅ አየር ውስጥ የሚገባ ካርቶን በመንገዱ ላይ ምን እንደሚሆን እዚሁ ለክቶ ማወቅ ይቻላል። እርጥበቱ ያደክመዋል፤ ከመጠን ያለፈው ድርቀት ደግሞ ማጠፊያው ላይ ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ በሐረርጌ ብዙ የማሽላ አገዳ አለ፤ ባሕር ዛፍም አይጠፋም። ካርቶን ከእነዚህ መሥራት ለምን አንችልም? ለምንስ ጥሬ ዕቃው ከውጭ ይመጣል?
መምህር፣ ከሐረር

መልስ፦ መምህር፣ ይቻላል፤ ነገር ግን «ይቻላል» እና «ያዋጣል» የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

የወረቀት ጥንካሬ መሠረቱ ቃጫ ነው። የጥድ ዘሮች ቃጫ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ የባሕር ዛፍ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የገለባና የሸንኮራ ገለባ በመካከል ይውላል። የካርቶኑ የውጭ ወረቀት እንዳይቀደድ ረጅም ቃጫ ይፈልጋል፤ መካከለኛው ሞገድ ግን አጭሩም ይበቃዋል። ባሕር ዛፍ ለወረቀት አይሆንም የሚለው አስተሳሰብ በአውስትራሊያ ራሷ ለረጅም ጊዜ ጸንቶ ነበር። ይህንን የሻረው ቤንጃሚን የተባለ ኬሚስት በ1920ዎቹ በመንግሥት የምርምር ተቋም ሥር ያካሄደው ሙከራ ሲሆን፣ በ1938 በታዝማኒያ በበርኒ ከተማ የተከፈተው ፋብሪካ ከባሕር ዛፍ ወረቀት ማምረት ጀመረ። በሕንድም በደህራ ዱን የደን ምርምር ተቋም ዊሊያም ሬይት ቀርከሃን ደረጃ በደረጃ መቀቀልን አጥንቶ የአገሪቱ ወረቀት ኢንዱስትሪ በቀርከሃ ላይ እንዲቆም አድርጓል። በፔሩ ፓራሞንጋ የሸንኮራ ገለባ ለወረቀት የዋለው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። በሦስቱም አገሮች መጀመሪያ የመጣው በዚያው አገር ተክል ላይ የተደረገ የዓመታት ሙከራ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ለማገዶ፣ ለቤትና ለአጥር ሲያገለግል ኖሯል። የወንጂው የወረቀት ፋብሪካችን ግን ለብዙ ዓመታት የሠራው ከውጭ በሚገባ ፐልፕ ነው። ፐልፕ ማምረት ከወረቀት ማምረት የበለጠ ካፒታል፣ ብዙ ውኃና የኬሚካል ማገገሚያ ምድጃ (መቀቀያ ኬሚካሉ ዳግም እንዲያገለግል የሚመልስ) የሚጠይቅ በመሆኑ፣ በትንሽ መጠን ሲሠራ ወጪውን አይመልስም።

የማሽላ አገዳን በተመለከተ በበኩላችን ጥርጣሬ አለን። በሐረርጌ አገዳው ከመሬት ወድቆ የሚባክን ነገር አይደለም፤ የከብት መኖ ነው፣ ማገዶ ነው፣ አጥርም ነው። ፋብሪካ ሲገዛው ዋጋው ይወደዳል፤ የሚጎዳውም ከብት ያለው ገበሬ ነው። በተጨማሪም አገዳና ገለባ ብዙ ሲሊካ ስላላቸው የፋብሪካውን የኬሚካል ማገገሚያ ያውካሉ፤ በአንድ ወቅት ተሰብስበው ዓመቱን ሙሉ መከማቸት ስላለባቸውም ሰፊ መጋዘን ይጠይቃሉ። አሜሪካ የገለባ ካርቶንን የተወችው በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። የሸንኮራ ገለባ ቢያንስ በስኳር ፋብሪካው ደጃፍ ተሰብስቦ ይገኛል፤ ይሁንና ፋብሪካዎቹ ለእንፋሎት ማመንጫ ስለሚያነዱት ምትክ ነዳጅ ማግኘት አለባቸው፣ ለስላሳው ውስጠኛ ክፍሉም አስቀድሞ መለየት አለበት። ለድሬዳዋና ለሐረር ዛሬውኑ የሚገኘው ጥሬ ዕቃ በየቀኑ ከየሱቁ የሚጣለው አሮጌ ካርቶን ነው ብለን እናምናለን፤ ይህም ወደ መጨረሻው ደብዳቤ ይወስደናል።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ሳቢያን ካርቶን ሰብስበን የምንሸጥ ወጣቶች ነን። ተረካቢዎች እርጥቡን፣ ዘይት የነካውንና አንዳንዱን ደግሞ ደረቅና ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይመልሱብናል። ምክንያቱን ብታብራሩልን።
ካርቶን ሰብሳቢዎች፣ ከድሬዳዋ

መልስ፦ ውድ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ ካርቶን በውኃ ገንዳ ውስጥ ተበጥብጦ እንደገና ቃጫ ይሆናል፤ ቃጫዎቹ ሲደርቁ እርስ በርስ የሚያያዙት ያለ ሙጫ፣ በራሳቸው ነው። ዘይት የጠጣ ቃጫ ግን ከጎረቤቱ ጋር አይያያዝም፤ ጥቂት ዘይታም ካርቶን የብዙ ኪሎ ወረቀት ጥራት ያበላሻል። እርጥቡን የማይቀበሉት ለውኃ ክብደት ገንዘብ ላለመክፈል ብቻ ሳይሆን፣ እርጥብ ካርቶን ታስሮ ሲከርም ስለሚሻግትና ቃጫው ስለሚደክም ነው።

ደረቅና ንጹሕ ሆኖ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ ሰም የተቀባ ነው፤ ከውጭ ፍራፍሬና ዓሣ የሚመጣበት ካርቶን እንዲህ ይሆናል። ሰሙ በማድረቂያው ሙቀት ይቀልጥና ማሽኑ ላይ ይለጠፋል። ለመለየት ገጹን በጥፍር ይፋቁት፤ ነጭ ብናኝ ከተነሣ ሰም አለው። ጫፉን ሲቀዱት ስስ ላስቲክ ከተገለጠም ለብቻው ያኑሩት። እያንዳንዱ ቃጫ ተመልሶ ሲሠራ እያጠረና እየደረቀ ስለሚሄድ ፋብሪካዎች ከአሮጌው ጋር አዲስ ቃጫ መቀላቀል ይኖርባቸዋል፤ ለዚህም ነው ቡናማው፣ ወፍራሙና ገና አንድ ጊዜ ብቻ ያገለገለው ካርቶን የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው። እሱን ከስሱ የብስኩትና የመድኃኒት ካርቶን ለይታችሁ፣ የፕላስቲክ ማሸጊያውን ልጣችሁ፣ ከዝናብ በፊት በመጠለያ ሥር አስራችሁ ብታቀርቡ፣ ሚዛን ላይ ከመድረሳችሁ አስቀድማችሁ በዋጋው ለመደራደር ትችላላችሁ።